ቤኒቶ ፔሬዝ ጋልዶስ የሃይማኖት ጠላት ነበርን?

የማታ አንባቢ፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። ስለ ስፔናዊው ልብ ወለድ ጸሐፊ ስለ ቤኒቶ ፔሬዝ ጋልዶስ የምታውቁ ካላችሁ ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ያነበብኩት በ1876 የታተመውን «ዶኛ ፔርፌክታ»ን ነው። ፔፔ ሬይ የተባለ ወጣት መሐንዲስ የአክስቱን ልጅ ሮሳሪዮን ሊያገባ ከማድሪድ ተነሥቶ ኦርባሆሳ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ይሄዳል። አክስቱ ዶኛ ፔርፌክታ በፍቅር ትቀበለዋለች፤ ኋላ ግን የካቴድራሉ ካህን ከሆነው ከዶን ኢኖሴንሲዮ ጋር እየመከረች፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ የእግዚአብሔርን ስም ከአፏ ሳትለይ መንገዱን ሁሉ ትዘጋበታለች። በመጨረሻም ፔፔ በሌሊት ወደ አትክልት ስፍራዋ ሲገባ «ግደለው» ብላ የምታዘው እርሷው ራሷ ናት። መጽሐፉን ስጨርስ ጸሐፊው ቤተ ክርስቲያንን አጥብቆ የሚጠላ ሰው መስሎ ታየኝ።

ቀጥዬ በ1897 የወጣውን «ሚሴሪኮርዲያ»ን አነሣሁ። በዚህኛው ቤኒና የምትባል አሮጊት የቤት ሠራተኛ፣ ሀብቷ አልቆ ባዶ እጇን የቀረችውን እመቤቷን ለመመገብ በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ቆማ በድብቅ ትለምናለች። ወንጌልን የማይወድ ሰው ይህችን ሴት ሊፈጥራት ይችላል ብዬ ለማመን ተቸገርኩ። ስለዚህ ጥያቄዬ፣ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ባሉት ሃያ አንድ ዓመታት ሰውየው ተለውጦ ነው ወይስ ከመጀመሪያውም ሐሳቡ አንድ ነበር? ሕይወቱን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ብራና፦

ጥያቄዎ ጋልዶስን በሚያነቡ ሰዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የቆየ ነው። እኔ ሐሳቡ አንድ ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴን ከሕይወቱ እየጠቀስኩ ላቅርብ። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጋልዶስ የተወለደው ሜይ 10 ቀን 1843፣ ከስፔን ዋና ምድር ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በምትገኘው በግራን ካናሪያ ደሴት፣ በላስ ፓልማስ ከተማ ነው። ለወላጆቹ አሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ በናፖሊዮን ወረራ ዘመን የዘመቱ የጦር መኮንን ስለነበሩ ስለዚያ ጦርነት ያጫውቱት ነበር። እናቱ ዶኛ ዶሎሬስ ቤቱን በጥብቅ ሥርዓት ያስተዳድሩ ስለነበር፣ ከሐያስያን መካከል የፔርፌክታን መልክ በእርሳቸው ውስጥ የሚፈልጉ አሉ፤ እኔ ግን አንዲትን እናት ከአንዲት ገጸ ባሕርይ ጋር ማዛመድ ሩቅ ያስኬዳል ብዬ አላስብም። ከዚህ ይልቅ ወሳኝ የሚመስለኝ በ1862 ሕግ ሊያጠና ወደ ማድሪድ ከሄደ በኋላ የገጠመው ነው።

የሕግ ትምህርቱን ብዙም አልገፋበትም። ቴአትር ቤቱ፣ ፑዌርታ ዴል ሶል አደባባይ ላይ የካናሪያ ልጆች የሚሰበሰቡበት ቡና ቤትና ጎዳናው ይበልጥ ሳቡት። ከዩኒቨርሲቲው ያገኘው ትልቅ ነገር ፍራንሲስኮ ሂነር ዴ ሎስ ሪዮስን የመሰሉ መምህራንን ማወቁ ነው። እነዚህ ሰዎች ስፔን የምትድነው በትምህርትና በኅሊና ነጻነት ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ አምላክን የሚክዱ ግን አልነበሩም። በ1866 የሳን ሂል ጦር ሰፈር ሳጅኖች ያነሡት አመፅ ሲከሽፍ፣ እስረኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በሠረገላ ወደሚረሸኑበት ቦታ ሲወሰዱ አይቷል፤ ያን ትዕይንት በስተርጅና በጻፈው ትዝታው ውስጥ ከነሕመሙ አስፍሮታል። በ1868 ንግሥት ኢሳቤል ዳግማዊት ከዙፋን ወረደች፤ ከዚያም የተመረጠ ንጉሥ፣ ሪፐብሊክ፣ ወዲያውም የቀድሞው ንጉሣዊ ቤት ተመላሽነት በስድስት ዓመት ውስጥ ተከታትለው መጡ።

አሁን «ዶኛ ፔርፌክታ» የታተመበትን ዘመን ልብ ይበሉ። በ1875 መንግሥት በካቶሊክ ዶግማና በንጉሡ ላይ የሚቃወም ነገር ማስተማርን የሚከለክል መመሪያ አወጣ፤ ይህን አልቀበልም ያለው ሂነር ተይዞ ካዲስ በሚገኝ ምሽግ ታሰረ፣ ወንበሩንም ተነጠቀ። በ1876 መጀመሪያ፣ «እግዚአብሔር፣ አገር፣ ንጉሥ» እያሉ የሚዋጉት የካርሎስ ወገኖች፣ ማለትም ዙፋኑ ለዶን ካርሎስ ይገባል የሚሉ ወግ አጥባቂዎች፣ ያካሄዱት ጦርነት ገና ማብቃቱ ነበር። በኦርባሆሳ ዙሪያ መሣሪያ ታጥቀው የሚጠባበቁት እነ ካባዩኮ የዚያ ጦርነት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መጽሐፉ የሚያወግዘው ሰው በጓዳው የሚጸልየውን ጸሎት ሳይሆን፣ ጸሎት ጠመንጃ ሲያነሣና መምህርን ሲያሳስር ነው። «ሚሴሪኮርዲያ» ያንኑ ሐሳብ ከሌላው ፊቱ ያሳያል፤ ሥልጣንም ሆነ ገንዘብ የሌላት አንዲት ሴት እምነቷን ስትኖረው ምን እንደሚመስል እናያለን።

ገለልተኛ፦

ብራና ያቀረቡት የዘመን ማብራሪያ ትክክለኛና ጠቃሚ ነው። እኔ ግን ሐሳቡ አንድ ነበር በሚለው መደምደሚያ አልስማማም፤ ቢያንስ ጥበቡ አንድ አልነበረም፤ በልብ ወለድ ደግሞ ጥበቡ ሲለወጥ ሐሳቡም አብሮ ይለወጣል።

«ዶኛ ፔርፌክታ»፣ «ግሎሪያ» እና «የሌዮን ሮክ ቤተሰብ» የክርክር መጻሕፍት ናቸው። ጸሐፊው ገና ሳይጀምር ፍርዱን ሰጥቷል፤ ብርሃኑ በአንድ ወገን፣ ጨለማው በሌላው ወገን ተሰልፏል። ወዳጁ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆሴ ማሪያ ዴ ፔሬዳ፣ ራሱ የካርሎስ ወገን የምክር ቤት አባል የነበረ ሰው፣ ስለ «ግሎሪያ» በጽሑፍ ወቅሶታል። ታላቁ የካቶሊክ ሊቅ ማርሴሊኖ ሜኔንዴስ ፔላዮም ስለ ስፔን መናፍቃን በጻፈው ታሪክ ውስጥ በብርቱ ቃል ነቅፎታል። ትችታቸው ከወገንተኝነት የጸዳ ባይሆንም መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም።

ለውጡ የጀመረው በ1881 «ላ ዴሴሬዳዳ» በተባለው መጽሐፍ ነው፤ ፍጻሜውን ያገኘው ደግሞ በ1886 እና 1887 በአራት ጥራዝ በወጣው «ፎርቱናታ እና ሃሲንታ» ነው። ጠያቂያችን በመካከል የጎደለባቸው መጽሐፍ ይህ ይመስለኛል። ሁዋኒቶ ሳንታ ክሩስ የተባለው የሀብታም ነጋዴ ልጅ በካቫ ደ ሳን ሚጌል ባለ አንድ ቤት ደረጃ ላይ ጥሬ እንቁላል የምትጠጣ ድሃ ልጃገረድ ያያል፤ ያች ፎርቱናታ ናት። ጥሏት ይሄድና የአክስቱን ልጅ ሃሲንታን ያገባል። ሃሲንታ ልጅ አልወለደችም፤ ፎርቱናታ ግን ወልዳለች፤ ከዚህ በመነሣትም ሕጋዊቷ ሚስት ልጅ ካልሰጠችው እውነተኛዋ ሚስት እኔ ነኝ የሚል ሐሳብ በልቧ ይሰርጻል።

ይህን ሐሳቧን የምትናገረው ለማን እንደሆነ ይመልከቱ። የምትነግራት የሙት ልጆች ማሳደጊያ ለማሠራት ባለጸጎችን ደጅ ለምትጠና፣ ማድሪድ ሁሉ ቅድስት ብሎ ለሚጠራት ለጊየርሚና ፓቼኮ ነው። ጊየርሚና በዚያ ዘመን በእውን በማድሪድ ከነበረች ኤርኔስቲና ማኑዌል ዴ ቪዬና ከምትባል የበጎ አድራጎት ሴት የተቀዳች ናት። ፎርቱናታ ልቧን ከፍታ ስትናገር ሃሲንታ በዚያው ቤት ጓዳ ተደብቃ ታዳምጣለች። ጊየርሚና በእውነት ደግ ናት፤ ድሃን ለመርዳት የማታደርገው የለም፤ ይህችን ከፊቷ የተቀመጠችውን ድሃ ግን አልተረዳቻትም፣ የግብረ ገብ ስሜት እንደሌላት አድርጋ ትነግራታለች። የ1876ቱ ጋልዶስ ቢሆን ጊየርሚናን ሌላ ፔርፌክታ ያደርጋት ነበር። የ1887ቱ ጋልዶስ ግን ደግነቷንም ጉድለቷንም ሳይቀንስ አብሮ አኖራቸው፤ ፎርቱናታ በሞት አፋፍ ላይ ሆና አራስ ልጇን ለሃሲንታ ስትልክ ደግሞ ያች የግብረ ገብ ስሜት የላትም የተባለች ሴት ከሁሉም በላይ ከፍ ብላ ትታያለች። የጋልዶስ እምነት እዚህ ላይ የተለወጠ ይመስለኛል፤ ስለ ሃይማኖት ከመከራከር ስለ ሰው ነፍስ ወደ መጨነቅ ተሻግሯል።

የታሪክ ወዳጅ፦

ከሁለቱ አስተያየቶች ጋር የሚጋጭ ባይሆንም፣ የአደባባይ ሕይወቱን ሳናይ ብንፈርድ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ጋልዶስ ሸምግሎ ከትግሉ የወጣ ሰው አልነበረም። «ሚሴሪኮርዲያ» በወጣ በአራተኛ ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1901 ማድሪድ በሚገኘው በስፔን ቴአትር «ኤሌክትራ» የተባለው ተውኔቱ ታየ። አንዲት ወጣት ከምትወደው ሰው ተለይታ ገዳም እንድትገባ ፓንቶሃ የተባለ ሃይማኖተኛ ሰው የሚያደርገውን ተንኮል የሚያሳይ ነው። በዚያው ሰሞን አደላይዳ ኡባዎ የተባለች ወጣት ከቤተሰቧ ፈቃድ ውጪ ገዳም ስለ መግባቷ እናቷ ያቀረቡት ክስ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ይታይ ነበርና፣ ሕዝቡ መድረኩንና ፍርድ ቤቱን አንድ አድርጎ አየው። ከቴአትር ቤቱ የወጣው ሕዝብ ደራሲውን አጅቦ እስከ ቤቱ ሸኘው፤ በሌሎች ከተሞችም ተውኔቱ በታየበት ሁሉ ሰልፍና ግጭት ተከተለ።

በፖለቲካውም ቢሆን በ1886 ፖለቲከኛው ሳጋስታ በሚመራው ሊበራል ፓርቲ በኩል፣ በዚያ ዘመን የስፔን ቅኝ ግዛት በነበረችው በፖርቶ ሪኮ፣ ሄዶባት በማያውቃት በጉዋያማ ወረዳ ስም የምክር ቤት አባል ሆነ፤ እንዲህ ያለው ሹመት መሰል ምርጫ በዘመኑ የተለመደ ነበር። ከ1907 ጀምሮ ግን በሪፐብሊካኖች ስም በማድሪድ ተመረጠ፤ በ1909 ከሶሻሊስቱ ፓብሎ ኢግሌሲያስ ጋር የተመሠረተው ኅብረት ግንባር ቀደም ሰው ሆነ። የዚህ ዋጋ ተከፍሏል። በ1912 ለኖቤል ሽልማት እንዲታጭ ወዳጆቹ ሲንቀሳቀሱ፣ ወግ አጥባቂ ካቶሊኮች የተቃውሞ ዘመቻ አካሄዱ፤ ሽልማቱንም ሳያገኝ ቀረ። አንድን ጸሐፊ የገዛ አገሩ ሰዎች እንዲህ ሲያደናቅፉት ማየት እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በዚያው ላይ የሚከበርበት ሌላ ገጽታም አለ። ገለልተኛ የጠቀሷቸው ሜኔንዴስ ፔላዮ፣ ያ ሁሉ ነቀፋ ካለፈ በኋላ፣ ጋልዶስ ወደ ስፔን ንጉሣዊ የቋንቋ አካዳሚ እንዲገባ በ1889 ደግፈውታል፤ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1897 ወንበሩን በይፋ ሲረከብ የአቀባበሉን ንግግር ያደረጉለትም እርሳቸው ናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፔሬዳ ሲገባ ደግሞ የአቀባበሉን ንግግር ያደረገው ጋልዶስ ነበር። በአሳብ ይህን ያህል ተራርቀው ወዳጅነታቸውን ያልበጠሱ ሰዎች የሚያስቀኑ ናቸው።

የማታ አንባቢ፦

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ገለልተኛ ያነሡት የጥበብ ለውጥ እኔም በንባቤ የተሰማኝ ነገር ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ቤኒና ቅድስት ናት የሚሉ ጽሑፎችን አይቻለሁ። በእናንተ አስተያየት ጋልዶስ ቅድስት ሊያደርጋት ፈልጎ ነው? ደግሞስ እንደ ቤኒና ያለ ሰውን ከየት አወቀ?

ብራና፦

ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ። ጋልዶስ በ1913 ለመጽሐፉ በጻፈው መቅድም ላይ፣ ለዚህ ሥራ ሲዘጋጅ በደቡብ ማድሪድ ባሉ የድሆች ሰፈሮች ብዙ ወራት እንደ ተመላለሰ፣ ወደ አንዳንድ ቤቶች ለመግባትም የከተማው የጤና ጥበቃ ሐኪም መስሎ ከፖሊሶች ጋር ይሄድ እንደነበር ተናግሯል። ጎዳና ለጎዳና እየዞረ የሰውን አነጋገር የሚያዳምጥ፣ በባቡር ሲጓዝም ተራው ሕዝብ በሚሳፈርበት በሦስተኛ ማዕረግ የሚቀመጥ ሰው ነበር።

የመጽሐፉ መክፈቻ የዚህ ትጋት ፍሬ ነው። የሳን ሴባስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሁለት ፊት አለው ይላል፤ በአንዱ ወደ ድሆቹ ሰፈር፣ በሌላው ወደ ነጋዴዎቹ አደባባይ ይመለከታል። በሁለቱም በሮች ነዳያን ተሰልፈዋል፤ በመካከላቸውም አለቃና ምንዝር፣ ነባርና አዲስ፣ የቦታ ይዞታና የምጽዋት ድርሻ አለ። ካሲያና የምትባለው ነባር ለማኝ ምጽዋቱን የምታከፋፍለው እንደ ሹም ነው። ድሃ ሁሉ ጻድቅ ነው ብሎ የሚሰብክ ጸሐፊ እንዲህ አይጽፍም።

ከዚያ ዶን ካርሎስ የተባለው ባለጸጋ ይመጣል። የሟች ሚስቱን መታሰቢያ በየወሩ በ24ኛው ቀን እያሰበ ሳንቲሙን ቆጥሮ ለነዳያኑ የሚያድል፣ ሒሳቡ የማይዛነፍ ሰው ነው። የቤኒና እመቤት ዶኛ ፓካ ከዘመዶቹ ወገን ስለሆነች ቤኒናን ቤቱ ድረስ ይጠራታል። ልብ ይበሉ፤ በዚያ ቤት ለነገ የሚቀመስ የለም። እርሱ ግን ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ፣ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው አድርጎ የሚልክላቸው የገቢና የወጪ መመዝገቢያ ደብተር ነው፤ የቸገራቸው ሒሳብ ስለማይዙ ነው ብሎ ያምናል። በዚህ ትዕይንት ውስጥ አንድም የስድብ ቃል የለም፤ ዶን ካርሎስም ክፉ ሰው ሆኖ አልተሳለም። «ዶኛ ፔርፌክታ»ን የጻፈው እጅ ምን ያህል እንደ ተገራ የምናየው እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ነጥብ የገለልተኛን አስተያየት እቀበላለሁ።

ወደ ቅድስና ጥያቄ ስንመለስ፣ ቤኒና ትዋሻለች። በደህናው ዘመን ከአስቤዛው ገንዘብ ላይ ሳንቲም እየሸረፈች ታጠራቅም ነበር፤ ያ ጥሪት ነው ኋላ እመቤቷን የመገበው። መለመኗን ለመደበቅ ደግሞ ዶን ሮሙዋልዶ የሚባሉ ቄስ ቤት ወጥ እሠራለሁ ብላ ታወራለች፤ እንዲህ ያሉ ቄስ በዓለም ላይ የሉም። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ዶን ሮሙዋልዶ የሚባሉ ቄስ በእውን በሩን አንኳኩተው ለዶኛ ፓካ የውርስ ብሥራት ይዘው ይመጣሉ። በዚያች ሰዓት ቤኒና በልመና ተይዛ፣ አልሙዴና ከሚባለው ዓይነ ስውር ሞሮኳዊ ወዳጇ ጋር በመጠለያ ታስራ ነበር። ተፈታ ስትመለስ ቤቱ ሞልቷል፤ ለእርሷ ግን ቦታ የለም። የዶኛ ፓካ ምራት ሁሊያና የቤቱን ሥልጣን ይዛለች፤ እመቤቷም እምቢ ለማለት አቅም አጥታለች።

ቤኒና የቆዳ በሽታ ያደረበትን አልሙዴናን ማንም ሲሸሸው እርሷ ታስታምመዋለች። በመጨረሻ ያች ያባረረቻት ሁሊያና፣ ልጆቼ ይሞቱብኛል የሚል ፍርሃት እንቅልፍ ነሥቷት ወደ እርሷ ትመጣለች። ቤኒናም ልጆቿ ደህና መሆናቸውን ነግራ፣ ክርስቶስ ለዚያች በኃጢአት ለተያዘችው ሴት የተናገረውን ቃል በሚያስታውስ ንግግር ወደ ቤቷ ትሸኛታለች። ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሴ፣ ቅድስት ናት፤ ነገር ግን ሳንቲም የምትሸርፍና የምትዋሽ ቅድስት ናት፤ ጋልዶስም አንዱን ለመናገር ሌላውን አልሸሸገም።

ገለልተኛ፦

ብራና ከላይ ያሳዩት ንባብ እጅግ አስደስቶኛል፤ የምጨምረው ስለ ንባብ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ጠያቂያችን ቀጥለው የ1895ቱን «ናሳሪን»ን ቢያነቡ ጥያቄያቸው ይበልጥ ይሰፋል። ናሳሪን ወንጌልን ቃል በቃል ለመኖር ወስኖ በባዶ እግሩ የሚዞር ቄስ ነው፤ አንዳራና ቤአትሪስ የተባሉ ሁለት ሴቶች ይከተሉታል፣ ፈንጣጣ በገባበት መንደር ሕሙማንን ያስታምማሉ፣ በኋላም እንደ ወንበዴ ተይዘው ይታሰራሉ። የእርሱ ታሪክ የሚቀጥለው በዚያው ዓመት በወጣው «ሃልማ» ስለሆነ ሁለቱን ተከታትሎ ማንበብ ይገባል። ፊልም የሚወዱ ከሆነም ሉዊስ ቡኝዌል «ናሳሪን»ን በ1959 በሜክሲኮ ሠርቶታል፤ «ትሪስታና» የተባለውን የጋልዶስ መጽሐፍም በ1970 ወደ ፊልም መልሶታል።

«ፎርቱናታ እና ሃሲንታ» ረጅም ስለሆነ ሰፊ ጊዜ ሲያገኙ ይጀምሩት፤ የመጀመሪያው ጥራዝ በነጋዴዎች የዘር ሐረግና በጨርቅ ንግድ ታሪክ ስለሚዘገይ ተስፋ እንዳይቆርጡ።

የታሪክ ወዳጅ፦

ለታሪክ ፍላጎት ላለው ሰው ደግሞ «ብሔራዊ ክንውኖች» የተባሉት አሉ። ከ1873 እስከ 1912 ድረስ በአምስት ተከታታይ ክፍል የጻፋቸው 46 ልብ ወለዶች ናቸው፤ የስፔንን የ19ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ታሪክ በተራ ሰዎች ዓይን ይተርካሉ። ስለ ትራፋልጋር የባሕር ጦርነት የሚተርከው የመጀመሪያው «ትራፋልጋር» አጭር ስለሆነ ለመጀመር ይመቻል። ጋልዶስ ይህን ሊጽፍ ሲነሣ በሳንታንዴር ከተማ፣ በዚያ የባሕር ጦርነት ወቅት «ሳንቲሲማ ትሪኒዳድ» በተባለችው ግዙፍ መርከብ ላይ በልጅነቱ ያገለገለ አንድ አዛውንት አግኝቶ ነበር፤ የመርከቧን ነገር ከእርሱ አፍ ሰምቷል።

የመጨረሻዎቹን ጥራዞች ያዘጋጀው ዓይኑ እየጠፋ ነው። በ1911 እና በ1912 ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ማየት ስለተሳነው ቃሉን እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለት ነበር። በጃንዋሪ 1919 ቪክቶሪዮ ማቾ የቀረጸው ሐውልቱ በማድሪዱ ሬቲሮ መናፈሻ ሲመረቅ፣ የተቀረጸውን ፊቱን በእጁ ዳሰሰው። ጃንዋሪ 4 ቀን 1920 በማድሪድ አረፈ፤ አስከሬኑንም እጅግ ብዙ ሕዝብ፣ ከእነዚህም መካከል በርካታ የድሃ ሰፈር ሰዎች፣ ወደ አልሙዴና መካነ መቃብር ሸኝተውታል። የተወለደበት የላስ ፓልማስ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ወደ ካናሪያ ደሴቶች የሚሄድ ሰው ሊጎበኘው ይችላል።